ቲቲኤፍ፣ ኦቲኤፍ ወይስ ዎፍ? ለየትኛው ስራ የትኛውን የፎንት ፋይል እንያዝ

እዚህ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ ስር ባለችው ሱቄ ውስጥ ዲዛይን ስሰራ የሰፈር ልጆች እየመጡ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። "ፎንት ዳውንሎድ አርጌ ዚፑን ስፈታው ቲቲኤፍም አለ፣ ኦቲኤፍም አለ፣ ዎፍ ምናምን የሚልም አለ፣ የቱን ነው ኢንስቶል ማረገው?" ይሉኛል። በአንድ ቃል ብመልስላቸው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን መልሱ ስራው የት ነው የሚሄደው በሚለው ይወሰናል፤ ማተሚያ ቤት ነው፣ ዌብሳይት ነው፣ ስልክ ላይ ነው፣ ስቲከር ተቆርጦ ታክሲ መስታወት ላይ ነው የሚለጠፈው? ይሄን ሳትጠይቁ ፎርማት ከመረጣችሁ ወይ ገንዘብ ትከፍላላችሁ ወይ ደንበኛ ታጣላችሁ፣ ስለዚህ ዛሬ መብራት እያለ ቁጭ ብዬ ከነምክንያቱ ልጻፈው።

አንድ ነገር ቀድሞ ይግባን። ከፋይሉ ስም መጨረሻ ከነጥብ በኋላ የሚመጣው ኤክስቴንሽን የሚነግራችሁ ስለ መያዣው ብቻ ነው። ውሃ ሲጠፋ ብሎካችን ስር የሚደረደረውን ቢጫ ጀሪካን አስቡት፣ ጀሪካኑ ያው ጀሪካን ነው ውስጡ ግን ውሃም ዘይትም ላምባም ሊሆን ይችላል፣ ከፍቶ ያላየ አያውቅም። ቲቲኤፍ የሚል ፋይልም እንደዛው ነው፣ ውስጡ ትክክለኛ የግዕዝ ፊደል ሊኖር ይችላል፣ ወይ ደግሞ በእንግሊዝኛው ኤ እና ቢ ቦታ ላይ የተቀመጠ የሀ እና የለ ስዕል ሊሆን ይችላል። ለኛ በአማርኛ ለምንሰራ ሰዎች ይሄ ከቲቲኤፍና ከኦቲኤፍ ልዩነት በላይ የሚያስጨንቅ ነገር ስለሆነ ከሱ ነው የምጀምረው።

ድሮ ኮምፒውተሩ ለአንድ ፎንት የሚሰጠው ቦታ 256 ብቻ ነበር፣ ከሱም የተወሰነው ለሌላ ስራ የተያዘ ነው። የኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፣ እነ ሏ ቧ ኳ ጓ እና ቁጥሮቹ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ሞልቶ ይፈሳል። የዛን ጊዜ ሰዎች ባላቸው ነገር መላ መቱ፤ አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለት በሶስት ፎንት ፋይል አከፋፈሉት፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ግንዱን ለብቻ ቅጥያውን ለብቻ አርገው በሁለት ምት እንዲገጣጠም አረጉት። ትልቅ ስራ ነው የሰሩት፣ እነሱ ባይኖሩ ጋዜጣውም መጽሐፉም በኮምፒውተር ባልተለቀመ ነበር። ግን ፊደሉ የተቀመጠው በሰው ቦታ ላይ ነው፣ እዚህ ከተማው ዳር ላይ ጨረቃ ቤት እንደምንለው፣ ቤቱ አለ ሰው ይኖርበታል ካርታ ግን የለውም። ዩኒኮድ ማለት ለየትኛውም ቋንቋ ፊደል የራሱን ቋሚ ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ስርዓት ነው፤ በፈረንጆቹ 1999 (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመትም ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ነው ፊደላችን የራሱ ካርታ ያለው ቦታ ያገኘው፣ ከዛ በኋላ ሀ የትም ኮምፒውተር ላይ የትም ስልክ ላይ ሀ ነው፣ የሚቀየረው መልኩ ብቻ ነው።

አሁንም ድረስ በፍላሽና በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞሩት የአማርኛ ፎንቶች ውስጥ ቀላል የማይባለው የድሮው ዓይነት ነው፣ ኤክስቴንሽናቸው ደግሞ ቲቲኤፍ ነው የሚለው፣ ስለዚህ በስሙ አትለዩትም። የምትለዩት እንዲህ ነው፦ በፎንቱ ሁለት ቃል ጻፉ፣ ኮፒ አርጉና ቴሌግራም ላይ ፔስት አርጉት። ፊደሉ ፊደል ሆኖ ከመጣ ዩኒኮድ ነው፣ የእንግሊዝኛ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ተደባልቆ ትርጉም የሌለው ነገር ከሆነ የድሮው ነው። የድሮው ከሆነ ለአዲስ ስራ አትጠቀሙት፣ መልኩ ምንም ያህል ቢያምር። ፒዲኤፍ ውስጥ ሰው ስሙን ፈልጎ ሰርች ቢያረግ አያገኘውም፣ ዌብሳይት ላይ ብታስገቡት ጎግል አያነበውም፣ ማየት ለተሳነው ሰው ጮክ ብሎ የሚያነበው ሶፍትዌርም የማይገባ ነገር ነው የሚያነበው።

ሌላም ችግር አለው፣ ይሄ በተለይ ለኛ ሰፈር። እዚህ ዳር ላይ ታፔላ ስትሰሩ አማርኛም ኦሮምኛም ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛም ይኖረዋል። ኦሮምኛው በላቲን ነው የሚጻፈው፣ የድሮው ፎንት ደግሞ የላቲኑን ቦታ ለግዕዝ ሰጥቶታል፣ ስለዚህ የኦሮምኛውን መስመር በዛው ፎንት ስታረጉት ትርጉም የሌለው ፊደል ይደረደራል። ዩኒኮድ ፎንት ሁለቱንም ጎን ለጎን ሊይዝ ይችላል። ግን ዩኒኮድ ነው ማለት ሙሉ ነው ማለት ደግሞ አይደለም፣ ኦሮምኛ ውስጥ ያለችው ሁዻ የምትባለዋ ጭረት፣ ከላይ የምትንጠለጠለዋ፣ እሷ ራሷ አንዳንዱ ፎንት ላይ የለችም፣ ቀድማችሁ እዩ። ለጉራጊኛ የሚያስፈልጉትም ፊደላት ወደ ዩኒኮድ የገቡት በየጊዜው ነው፣ የመጨረሻዎቹ 28ቱ በ2021 ነው የተጨመሩት፣ ስለዚህ ከዛ በፊት የተሰራ ፎንት እነሱን ሊይዝ አይችልም።

እኔ አዲስ ፎንት ሳወርድ መጀመሪያ የምጽፈው "እንኳን አደረሳችሁ" ነው። እዚህ አገር ባነር ላይ ከሱ በላይ የሚጻፍ ነገር ያለ አይመስለኝም፣ እና ነጻ የሚለቀቁ ፎንቶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ኳ ነው። እን ብሎ ይጀምርና መሀሉ ላይ ባዶ ሳጥን፣ ወይ ደግሞ ከሌላ ፎንት የተለቀመ ቀጭን ኳ ይሰካል፣ ከሩቅ ሲታይ ጥርሱ የወለቀ ይመስላል። ከሱ ቀጥዬ ቈ ኰ ጐ፣ አራቱን ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዙን፣ ድርብ ሰረዙን፣ ከ፩ እስከ ፲ ያሉትን ቁጥሮች እጽፋለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ይሄን ሁሉ የምጨቀጭቀው የደረሰብኝ ስላለ ነው። ዳቦ ቤት ያላቸው እናት ታፔላ እንድሰራላቸው መጡ፣ የቤቱ ስም በጸሎቱ ጸ ነው የሚጀምረው። እኔ ያን ጊዜ የምወደው አንድ ወፈር ያለ የድሮ ፎንት ነበረኝ፣ በሱ ሰራሁትና ፋይሉን እንዳለ ፍላሽ ላይ አርጌ በታክሲ፣ በቃሊቲ በሳሪስ አርጎ፣ ከተማ ወደሚገኝ ማተሚያ ቤት ላኩት። እዛ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ የለም። ሲከፈት ስሙ የእንግሊዝኛ ፊደል ሆኖ ይመጣል፣ ኦፕሬተሩ ሊደውልልኝ ሞክሯል፣ እኛ ጋ መብራት ጠፍቶ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ተዘግቷል፣ ደንበኛ ተሰልፎበታል፣ ምን ያርግ፣ በራሱ ፎንት እንደገና ጻፈውና አተመው። ሲጽፈው በፀሐዩ ፀ ጻፈው። ታፔላው መጥቶ ተሰቀለ፣ እናታችን ከአስፋልቱ ማዶ ቆመው አዩትና "አንተ ልጅ፣ ይሄማ የፀሐዩ ነው፣ የኛ የጸሎቱ ነው እኮ፣ ሟቹ ባለቤቴ ያወጡት ስም ነው" አሉኝ። እንደገና አሳተምኩት፣ በራሴ ወጪ። ከገንዘቡ ይልቅ የሳቸው አስተያየት ነው እስካሁን ያልወጣልኝ፣ አልተቆጡም፣ ዝም ብለው ነው ታፔላውን ያዩት። ጥፋቱ የኦፕሬተሩ አይደለም፣ የኔ ነው፣ ፎንት የሚባለው ነገር ከኮምፒውተሬ ጋር እንጂ ከፋይሌ ጋር እንደማይሄድ እያወቅኩ ነው እንደዛ የላኩት።

እሺ፣ ውስጡ ዩኒኮድ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ወደ ቲቲኤፍና ኦቲኤፍ እንምጣ። ቲቲኤፍ ትሩታይፕ ነው፣ አፕል ሰራውና በ1991 ከሲስተም 7 ጋር አወጣው፣ በዓመቱ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 3.1 ላይ አስገባው፣ ከዛ በኋላ የትም የሚከፈት ፎርማት ሆነ። ከሱ በፊት አዶቢ በ1984 ያወጣው ታይፕ ዋን የሚባል ነበር፣ አንዱ ፎንት በሁለት ፋይል የሚመጣ፣ እሱን አሁን አትንኩት፣ አዶቢ ራሱ በ2023 ጃንዋሪ ላይ ድጋፉን አቁሟል፣ የድሮ ሲዲ ላይ ካገኛችሁት ለታሪክ አስቀምጡት። ማይክሮሶፍትና አዶቢ በ1996 ተስማምተው ሁለቱን አንድ መያዣ ውስጥ የሚያስገባ ኦፕንታይፕ የሚባል ነገር አመጡ፣ ኦቲኤፍ የምንለው ከዛ የመጣ ነው።

ብዙ ሰው ኦቲኤፍ "ጥራት አለው" ቲቲኤፍ "ደከም ይላል" ብሎ ያስባል፣ እንደዛ አይደለም። ልዩነቱ ያለው ኩርባው የሚሳልበት መንገድ ላይ ነው። እዚህ ሰፈር ግንባታ ስለማይጠፋ ፌሮ የሚያጥፍ ሰው ሳታዩ አትቀሩም፣ የፌሮውን ሁለት ጫፍ ያዘው ብላችሁ አስቡ፣ ቲቲኤፍ ላይ ኩርባውን የሚጎትት አንድ እጅ ብቻ ነው ያለው፣ ኦቲኤፍ ላይ ሁለት እጅ አለ። ሁለት እጅ ያለው በአንድ ፌሮ ብዙ ዓይነት ኩርባ ያወጣል፣ አንድ እጅ ያለው ያንኑ ቅርጽ ለማውጣት አጫጭር ፌሮ እየቀጠለ ነው የሚሄደው። የዓይኑን ዐ ውሰዱ፣ ክብ ናት አይደል፣ ኦቲኤፍ ላይ በአራት ቁራጭ ትሰራለች፣ ቲቲኤፍ ላይ ብዙ ጊዜ ስምንት ከዛም በላይ ትፈልጋለች። ለዓይን ግን አንድ ናቸው። ስድስት ሜትር ታፔላ ላይ ብትለጥጡትም ሁለቱም አይሰባበሩም፣ ሁለቱም ቬክተር ናቸው። ልዩነቱ የሚታወቃችሁ ፊደሉን ከርቭ አርጋችሁ፣ ማለትም ከጽሑፍነት ወደ ተራ ቅርጽ ቀይራችሁ፣ ነጥቦቹን እየጎተታችሁ ሎጎ ስትሰሩ ነው፣ ያኔ ኦቲኤፍ ነጥቡ ትንሽ ስለሆነ እጅ ላይ ይቀላል፣ እኔ ሎጎ ስሰራ ሁለቱም ካሉ ኦቲኤፉን ነው የማነሳው።

ሌላው የተሳሳተ ወሬ ደግሞ የፊደል መተካካት፣ ከርኒንግ (በፊደልና በፊደል መሀል ያለውን ክፍተት ማስተካከል)፣ እነዚህ ኦፕንታይፕ የሚባሉት ነገሮች ኦቲኤፍ ላይ ብቻ ነው ያሉት የሚለው ነው። ቲቲኤፍ ውስጥም ይገባሉ፣ ዛሬ የሚሰሩት አብዛኞቹ ቲቲኤፎች በውስጣቸው ኦፕንታይፕ ናቸው። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ፋይሉን በኖትፓድ ይክፈተው፣ የማይነበብ ነገር ነው የሚመጣው ግን መጀመሪያዎቹን አራት ምልክቶች እዩ፣ ኦ ቲ ቲ ኦ የሚል ከሆነ ውስጡ ሁለት እጅ ያለው ኩርባ ነው፣ ኤክስቴንሽኑ ምንም ይበል ምን። ለዛም ነው ስሙን ሪኔም አርጎ ቲቲኤፍ የነበረውን ኦቲኤፍ ማለት ምንም የማይቀይረው። ኦንላይን ኮንቨርተር ላይ ወስዶ መቀየሩም አይመከርም፣ ኩርባው እንደገና ሲሰላ መልኩ ትንሽ ይበላሻል፣ ከርኒንጉ ሊጠፋ ይችላል፣ ሲከፋም ላይሰንሱ የማይፈቅድ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለቢሮ ስራ፣ ለወርድ፣ ለፓወርፖይንት፣ ከሌላ ሰው ጋር ለምትለዋወጡት ፋይል ቲቲኤፍ ያዙ። በተለይ ፓወርፖይንት፦ ሴቭ ስታረጉ ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ አብሮ የሚከት ምርጫ አለው፣ እሱ ከቲቲኤፍ ጋር ነው በደንብ የሚግባባው፣ ኦቲኤፍ ብዙ ጊዜ አይያዝለትም፣ አዳራሽ ደርሳችሁ በሰው ላፕቶፕ ስትከፍቱት ዊንዶውስ ራሱ ይዟቸው የሚመጣው ኒያላ ወይ ኤብሪማ ሆኖ ይጠብቃችኋል፣ መስመሩ ሁሉ ተሰባብሮ። ፎንቱ አብሮ ለመከተት ፈቃድ አለው ወይ የሚለውን ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ፋይሉን ራይት ክሊክ አርጋችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ከዛ ዲቴይልስ ብትሉ የፎንት ኢምቤዳቢሊቲ የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ሪስትሪክትድ ካለ አይከተትም፣ ፒዲኤፍ ስታወጡም ሊያስቸግራችሁ ይችላል። ኢንስቶል ስታረጉ "ፎር ኦል ዩዘርስ" የሚለውን ምረጡ፣ አዲሶቹ ዊንዶውሶች ዝም ብላችሁ ኢንስቶል ካላችሁ ለእናንተ ስም ብቻ ነው የሚያስቀምጡት፣ አንዳንድ ፕሮግራም እዛ ያለውን አያይም፣ "ኢንስቶል አርጌ አይታየኝም" የሚለኝ ልጅ ግማሹ ችግሩ ይሄ ነው።

ማተሚያ ቤት ለሚሄድ ስራ ሲሆን ቲቲኤፍ ወይ ኦቲኤፍ የሚለው ጥያቄ ራሱ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም የምትልኩት ፎንት መሆን የለበትም። ኮረል ላይ ኮንትሮል ኪው፣ ኢለስትሬተር ላይ ኮንትሮል ሺፍት ኦ፣ በቃ ፊደሉ ቅርጽ ይሆናል፣ ከዛ በኋላ ማንም ኮምፒውተር ላይ ያው ነው። ግን ከርቭ ከማረጋችሁ በፊት የሚጻፈው የሚቀየረውን ፋይል ለብቻ ሴቭ አርጋችሁ አስቀምጡ፣ ደንበኛ ስልክ ቁጥሩን በመጨረሻ ሰዓት መቀየሩ አይቀርምና። ብዙ ጽሑፍ ያለው መጽሔት ወይ ብሮሸር ከሆነ ከርቭ አይመችም፣ እሱን ፎንቱ የተከተተበት ፒዲኤፍ አርጉት፣ አክሮባት ሪደር ላይ ዶክመንት ፕሮፐርቲስ ከዛ ፎንትስ የሚለውን ከፍታችሁ እያንዳንዱ ስም አጠገብ ኢምቤድድ ወይ ኢምቤድድ ሰብሴት ማለቱን እዩ። አንዷ እንኳን ሳትል ከቀረች አትላኩት።

አሁን ስለ ቫሪያብል ፎንት ላውራ፣ ደስ የሚለኝ ነገር እሱ ስለሆነ። የኛ ፎንቶች ችግር አብዛኞቹ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያላቸው። ወፍራም ሲፈለግ ሰው ቢ የምትለዋን ይጫናል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ወፍራም የሚባል ፋይል ስላላገኘ ከዳር ከዳር ቀለም ይቀባበታል። ቤ ላይ እግሯ ስር ያለችውን ትንሽ ቀለበት አስተውላችኋል? ኃምስ ፊደሎች ሁሉ ላይ ያለችው። ያለ አግባብ ሲወፍር መጀመሪያ የምትደፈነው እሷ ናት፣ ቀለበቷ ጠፍታ ድፍን ጉጥ ትሆናለች፣ ያኔ ከሩቅ "ቤት" የሚለው "ቢት" ነው የሚመስለው። ሂዱና መንገድ ላይ ያሉትን ታፔላዎች እዩ፣ ስንት ዳቦ ቢት ስንት ምግብ ቢት እንዳለ። እውነተኛ ወፍራም ፎንት ላይ ግን ንድፍ አውጪው ቀለበቷን ከፈት አርጎ እግሩን ዝቅ አርጎ ነው የሚያወፍረው።

ቫሪያብል ፎንት አንድ ፋይል ውስጥ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ያለውን ሁሉ የያዘ ነው፣ አዶቢ፣ አፕል፣ ጎግልና ማይክሮሶፍት አንድ ላይ ሆነው በ2016 ነው ያስተዋወቁት። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በዚህ መልክ አለ፣ ውፍረቱ ከ100 እስከ 900 ይሄዳል፣ ስፋቱንም ጠበብ ማረግ ይቻላል፣ በዛ ላይ በነጻ ላይሰንስ ነው የተለቀቀው። ለጠባብ ታፔላ ፊደሉን በማውዝ ጎትታችሁ ከምታቀጥኑት የስፋቱን ስላይደር ብታንቀሳቅሱት ቋሚው መስመር አይሳሳም። ኢለስትሬተርና ፎቶሾፕ ከ2018ቱ ቨርዥን ጀምሮ ይከፍቱታል፣ ኮረል ከ2020 ጀምሮ። የቆየ ኮረል ላይ ያላችሁ ግን ስታቲክ የሚል ፎልደር ውስጥ ያሉትን ነጠላ ቲቲኤፎች ነው ኢንስቶል የምታረጉት፣ ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ።

ስቲከር ለምትቆርጡ ልጆች አንድ ማስጠንቀቂያ። ቫሪያብል ፎንት ላይ ፊደሉ ብዙ ጊዜ ከተደራረቡ ቁርጥራጮች ነው የሚሰራው፣ እግሩ ለብቻ ግንዱ ለብቻ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ። ስክሪን ላይ አይታይም፣ ህትመት ላይም አይታይም፣ ስቲከሩን የሚቆርጠው ማሽን፣ ፕሎተሩ፣ ግን ዓይን የለውም መስመሩን ነው የሚከተለው፣ ከርቭ አርጋችሁ ስትልኩለት ፊደሉን መሀል ለመሀል ይቆርጠዋል። የሚኒባስ የኋላ መስታወት ላይ የሚለጠፍ ጥቅስ ሲቆረጥ አይቼዋለሁ፣ ሲላጥ የመ ሁለቱ ክብ ለየብቻ እየተነሳ መጣ። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ከርቭ ካረጋችሁ በኋላ ኮረል ላይ ዌልድ፣ ኢለስትሬተር ላይ ፓዝፋይንደር ውስጥ ዩናይት። ከዛ ገጽታውን ወደ መስመር ብቻ ቀይራችሁ አጉልታችሁ እዩት፣ ፊደሉን መሀል ለመሀል የሚያቋርጥ መስመር ካለ ይታያችኋል።

ወደ ዌብሳይት ስንመጣ ጨዋታው ይቀየራል። እዛ ላይ ፎንቱ ከሰርቨር ተነስቶ የሰውዬው ስልክ ድረስ በሱ ዳታ ነው የሚጓዘው፣ ስለዚህ ክብደቱ ወሳኝ ነው፣ የኛ ፎንት ደግሞ ፊደሉ ብዙ ስለሆነ በተፈጥሮው ከላቲኑ ይከብዳል። ዎፍ የሚባለው ለዚህ የተሰራ ነው፣ አዲስ ፊደል አይደለም፣ ያንኑ ቲቲኤፍ ወይ ኦቲኤፍ አጣጥፎ ላስቲክ ውስጥ የከተተ ማለት ነው። የመጀመሪያው ዎፍ በ2012 የዌብ ስታንዳርድ ሆኖ ጸደቀ፣ ዎፍ ቱ በ2018፣ ሁለተኛው ብሮትሊ በሚባል አጨማመቅ ከመጀመሪያው በአማካይ 30 ፐርሰንት ገደማ ይቀንሳል። ዛሬ ያሉት ዋና ዋና ብሮውዘሮች ዎፍ ቱን ስለሚያነቡ እሱ ብቻ ይበቃል። የድሮ ቱቶሪያል ላይ ኢኦቲ፣ ኤስቪጂ ምናምን እያለ አምስት ፋይል ያስደረድራችኋል፣ ኢኦቲ ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ብቻ ነበር፣ እሱ ደግሞ በ2022 ተሰናብቷል፣ ተዉት።

የጎረቤቴ ልጅ ለአንድ ትምህርት ቤት ዌብሳይት ሰርቶ አሳየኝ፣ ላፕቶፑ ላይ በጣም ያምራል። በስልኬ ስከፍተው ግን ፎቶው መጣ፣ ቀለሙ መጣ፣ ጽሑፉ የለም፣ ነጭ ነው። ብሮውዘሩ ፎንቱ እስኪደርስ ድረስ ሶስት ሰከንድ ያህል ጽሑፉን ደብቆ ስለሚጠብቅ ነው፣ ልጁ ደግሞ አራት ቲቲኤፍ ጭኖበታል፣ ሁለቱን ጭራሽ ገጹ ላይ አልተጠቀመባቸውም። አብረን ተቀምጠን ወደ ዎፍ ቱ ቀየርናቸው፣ አራቱን ወደ አንድ ቫሪያብል አመጣናቸው፣ የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ፣ ሲኤስኤሱ፣ ላይ ፎንት ዲስፕሌይ የሚለውን ስዋፕ አልነው። ስዋፕ ማለት ፎንቱ እስኪመጣ ስልኩ ላይ ባለው ፊደል አሳይ፣ ሲደርስ ቀይር ማለት ነው፣ ወላጅ የምዝገባ ቀን ለማየት ነው የሚገባው፣ መጀመሪያ ቀኑን ይይ።

ክብደቱ አሁንም ከበዛ ሰብሴት ይደረጋል፣ የማትፈልጉትን ፊደል ከፋይሉ ውስጥ ማውጣት ማለት ነው፣ ፎንትቱልስ የሚባል ነጻ መሳሪያ አለ ይሰራዋል። ላቲኑን በሌላ ፎንት የምታሳዩ ከሆነ ላቲኑን አውጡት። ግን እባካችሁ የአማርኛውን ቤት እየመረጣችሁ አትቁረጡ፣ "ዟ ማን ይጠቀማል" እያላችሁ። የሰው ስም ውስጥ የትኛው ፊደል እንደሚመጣ አታውቁም፣ የተማሪ ስም ዝርዝር የሚወጣበት ገጽ ላይ የአንድ ልጅ ስም ብቻ አንድ ፊደሉ ከሌላ ፎንት ተለቅሞ ሲታይ ለዛ ልጅ ቀላል ነገር አይደለም።

ዎፍ ቱን ዴስክቶፕ ላይ ኢንስቶል ለማረግ አትሞክሩ፣ ለብሮውዘር ነው። በተቃራኒው ካንቫ ላይ የራሳችሁን ፎንት ስታስገቡ ቲቲኤፍ ወይ ኦቲኤፍ ይሁን፣ የሚከፈልበትን ፓኬጅ ይጠይቃችኋል። ስልክ ላይ ፒክስልላብ ለምትሰሩም እንደዛው፣ ስታቲክ ቲቲኤፍ ነው አስተማማኙ። ቲቲሲ የሚል ካጋጠማችሁ ብዙ ፎንት በአንድ ላይ የታሰረበት ነው፣ ስልክ ላይ የሚሰሩት አፖች ብዙዎቹ አይፈቱትም።

ዚፑን ስትፈቱ ላይሰንስ ወይ ኦኤፍኤል የሚል የጽሑፍ ፋይል ካለ አትሰርዙት። ኦኤፍኤል ማለት ኦፕን ፎንት ላይሰንስ ነው፣ ለንግድ ስራ፣ ለህትመት፣ ለዌብ፣ ለመክተት ሁሉ ተፈቅዷል፣ ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ግን አይቻልም። ኖቶም፣ አቢሲኒካ የሚባለው ፎንትም በዚህ ነው የተለቀቁት። ለዴስክቶፕ ብቻ የተገዛ ፎንትን ወደ ዎፍ ቱ ቀይሮ ሰርቨር ላይ መጫን ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ክፍያ ነው። በአማርኛ ፎንት የሚሰሩ ሰዎች ጥቂት ናቸው፣ ከ300 በላይ ቅርጽ አንድ በአንድ ይስላሉ፣ ወፍራሙን ደግሞ እንደገና፣ ስለዚህ የሚሸጥ ከሆነ ግዙላቸው።

እኔ አሁን ለማተሚያ ቤት የምልከው ሶስት ነገር ነው፣ ከርቭ የሆነው ፋይል፣ ፎንቱ የተከተተበት ፒዲኤፍ፣ እና እንዴት መምሰል እንዳለበት የሚያሳይ ጄፔግ። የስሙን አጻጻፍ ደግሞ ቴሌግራም ላይ በጽሑፍ ለብቻው እልካለሁ፣ ጸ ካለበት አጠገቡ "የጸሎቱ" ብዬ።